ተሰጥቶ የተወሰደ ስም

ጎሚስታው ያሰበውን ለሰው ካላወራ ያሰበ አይመስለውም። ሚስቱ ስታረግዝም እንዲሁ ሆነ። ጎማ ሊያስጠግን የመጣ ሁሉ፣ መኪናው ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ የትም መሄድ ስለማይችል፣ ወደደም ጠላም ቆሞ ይሰማው ነበር።

«እኔ እንደሌላው ወንድ ‹ወንድ ልጅ፣ ወንድ ልጅ› እያልኩ ሰው አላሰለችም» ይላል፣ የውስጥ ጎማውን ውሃ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ሲፈልግ። «ወንድም ይሁን ሴትም ትሁን ስሙ ወጥቷል። ማስረሻ! የአባቴ ስም። ለወንድም ለሴትም ይሆናል። አለቀ።»

ከጎኑ ባትሪ የሚሞላው ጎረቤቱ፣ ሰፈሩ ብልጭታ የሚለው፣ ይህን ንግግር ከመስማቱ ብዛት በቃሉ ይዞታል። ጎሚስታው ትንፋሽ ሊወስድ ሲያቆም እሱ «አለቀ» ብሎ ይጨርስለታል። ደንበኛው ይስቃል። ጎሚስታውም አብሮ ይስቃል፤ ስለ ራሱ ጥሩ ነገር እስከተወራ ድረስ በቀልድም ቢሆን የማይከፋው ሰው ነው።

ሚስቱ መጀመሪያ ለልጁ ያሰበችው ሌላ ስም ነበር። ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ስትሸጥ የምትውል፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ያሳደገቻት አክስቷ ንጋት ነበረች። አብልታ፣ አልብሳ፣ ጸጉሯን አበጥራ ትምህርት ቤት ልካ፣ አንድ ቀን እንኳ «ይህን አድርጌልሻለሁ» ሳትላት የሞተች አክስት። ሚስትየዋ ይህን ስም ለልጇ ብትሰጥ ምኞቷ ነበር። ጎሚስታው ግን ስንት ምሽት ተከራከራት። አባቱ የጎማ መጠገኛ ሱቁን ከባዶ ሜዳ አንስቶ እንዳቆመው፣ ስሙን የሚጠራ ሰው እያለቀ መሆኑን እየደጋገመ ነገራት። በመጨረሻ «እሺ፣ ያንተ ይሁን። የኔን በልቤ እይዘዋለሁ» አለችው።

አብረዋቸው የሚኖሩት እናቱ ይህን ሲሰሙ እንባቸው መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምራታቸው በአጠገባቸው ባለፈች ቁጥር ሆዷን እያዩ «ማስረሻዬ፣ እንዴት ዋልን?» ይሉ ጀመር።

ጾታውን ላለማወቅም ተስማሙ። አልትራሳውንድ የምታነሳውን ባለሙያ «አትንገሪን» ያላት እሱ ራሱ ነው። «ስሙ ካለ ሌላው ምን ያደርግልናል?» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ወጣ።

እናም አንድ ከሰዓት በኋላ ያቺው ባለሙያ የመኪናዋ የኋላ ጎማ ተንፍሶ እየተንገጫገጨች መጣች። ምስማር ነበር። ጎሚስታው ምስማሩን ነቅሎ አሳያትና፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠጋ አለ።

«እህቴ፣ ያ ነገር እንዴት ነው? ወንድ ነው ሴት?»

«አትንገሪን ብላችሁኛል እኮ።»

«እሷ ናት ያለችው። እኔ መች አልኩ?» ዋሸ። «የሕፃን አልጋ ቀለም ልቀባ ነው። ላስደንቃት ብዬ ነው። በሞቴ!»

ሴትየዋ ወደኋላ ወደፊት አለችና ተሸነፈች። «ሴት ናት። እንኳን ደስ ያለህ። ከኔ መስማትህን ግን እንዳትናገር።»

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አለና ወደ ጎማው ዞረ።

ደስ አላለውም ማለት አይቻልም፤ ደስ ብሎታል። ግን ከደስታው ኋላ አንድ ሐሳብ ሾልኮ መጣ። ሴት ከሆነች እኮ ስሙ እሷ ላይ ይቆማል። ልጆቿ የሚጠሩት በአባታቸው ስም ነው። ወንድ ቢሆን ግን ልጆቹ የማስረሻ ልጆች እየተባሉ፣ ስሙ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይሄድ ነበር። ይህን ካሰበ በኋላ የባሰውን ተረዳ። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር፤ እሱ ነው በወሬ ብዛት ሸፍኖ ያቆየው። ለካ ለወንድም ለሴትም ሲል፣ የሚመጣው ወንድ ነው ብሎ ሲያስብ ኖሯል።

ብሎኑን ሲያጠብቅ ጆሮው ድረስ ጋለ።

«ምነው ቀላህ?» አለው ብልጭታ።

«ፀሐዩ ነው።»

ሰማዩ ደመና ነበር።

እሁድ ረፋድ ላይ፣ ሚስቱ አልጋው ላይ ተቀምጣ ለሕፃኑ የተገዙትን ትንንሽ ልብሶች ስታጣጥፍ፣ ሲያብላላው የሰነበተውን አወጣው። «ሳስበው ሳስበው የኔ ወገን ብቻ መታሰቡ ትክክል አይደለም። ያሳደገችሽ ሰው ናት። ንጋት እንበል። እሱም ቢሆን ለሁለቱም ይሆናል።»

የሚስቱ ዓይን እንባ ሞላ፤ አንገቱን ይዛ ግንባሩን ሳመችው። «አንተን የሰጠኝ አምላክ ይመስገን» አለችው። ጎሚስታው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። እዚያው ቢናገር ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። እሱ ግን «ምን አደረግኩና!» አለ፣ ጭራሽ ትሑት ሆኖ።

ሚስቱ ለዘመዶቿ ደወለች። ፋርማሲ ውስጥም አወራች። ከዚያ የሰሙ ሴቶች በሱቁ ሲያልፉ «ባል ማለት እንዲህ ነው!» ይሉት ጀመር። ጎሚስታው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሞግሱት አንገቱን ደፋ። ብልጭታም «አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ምን ወጋው? ተነፈስክ እኮ» አለው።

የእናቱ ግን ከሁሉ ባሰበት። «ደግ አደረግህ፣ ልጄ» አሉት። «አባትህ ቢኖርም ይህንኑ ነበር የሚያደርገው። ሚስቱን አክባሪ ነበር።» እንዲህ ብለው መረቁት። ከዚያ ወዲህ ግን ምራታቸው ስታልፍ ሆዷን እያዩ እንዴት ዋልን ማለታቸውን ተዉ።

ሚስቱ ይህን አየች። አንድ ቀን እናትየው ገበያ ወጥተው ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ «እማማ ቅር ብሏቸዋል። ላንተ ብለው ነው እንጂ የቻሉት፣ ከፍቷቸዋል» አለችው።

«ተያቸው፣ ይረሱታል» አለ ጎሚስታው ጫማውን እያሰረ። «ደግሞ ስሙ የትም አይሄድም። ለወንዱ አስቀምጠነዋል።»

ሚስቱ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

«ለየትኛው ወንድ?»

«ለ… ወደፊት ለሚመጣው፤ እግዜር ሲሰጠን።»

«ይሄኛው ወንድ ቢሆንስ?»

ጎሚስታው የጫማውን ክር ፈታና እንደገና አሰረው።

«ጠይቀሃል» አለችው። «ሴት ናት።»

እያንዳንዷ እናት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ስቃ የምትሰማው ወሬ ነው። እሷ ግን እንዲህ ሰማችው፣ የባሏን ማጅራት እያየች።

«ልጅቷን ስሟን ቀማሃት፣ እሺ» አለች ቀስ ብላ። «አክስቴ ምን አድርጋህ ነው? ለሴት ይበቃታል ብለህ የጣልክላት የአክስቴን ስም ነው። እኔ ደግሞ ሳምኩህ።»

ይቅርታ ማለት ነበረበት። እሱም ሊል ፈልጎ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን «አደራሽን፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያቸው» የሚል ሆነ። እንደተናገረው ራሱን ጠላው።

«አልነግራቸውም» አለችው። «ያንተ እናት ናቸው።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ስም የሚያወራ ጠፋ። እናትየው የእርግዝናው ድካም ነው ብለው አሰቡ። ጎሚስታው ሥራ ቦታ ሲጠየቅ «ስትወለድ… ሲወለድ እንሰማለን» እያለ ያልፋል። ቤት ሲገባ ምግቡ እንደወትሮው ይቀርብለታል፣ ልብሱ ታጥቦ ይጠብቀዋል። አንዲት ክፉ ቃል አልሰማም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ልጅቷ በጤና ተወለደች። ጎሚስታው ክሊኒክ ሲደርስ እጁን ቆዳው እስኪላጥ ፈትጎ መጥቶ ነበር፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ግን አልለቅ ብሎታል። ሚስቱ ትራስ ተደግፋለች። እናቱ መስኮቱ አጠገብ ለምራታቸው ከፔርሙሱ ሻይ ይቀዳሉ። ሕፃኗ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ የምትታየው አፍንጫዋ ብቻ ነው። አየት አደረጋት። እንዲህ ያለች ልጅ ናት እንግዲህ ለአባቱ ስም ያነሰችበት።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። «እባክሽ ማስረሻ ትባል።»

«አሁን ሴት መሆኗን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ስታድግ ‹ስሜን ማን አወጣልኝ?› ካለችኝ አባትሽ እላታለሁ። ‹ሲሰጠኝ ሴት መሆኔን ያውቅ ነበር?› ብትለኝስ ምን ልበላት?»

ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ አላወቀም።

«እውነቱን ንገሪያት» አለ በመጨረሻ።

«እኔ አልነግራትም። የኔ አይደለም» አለችና ሕፃኗን አንስታ ክንዱ ላይ አደረገችለት። «አንተ ንገራት። አሁን። ነግረሃት ስትጨርስ በስሟ፣ ማስረሻ ብለህ ጥራት።»

«እማዬ እኮ…» አለ በሹክሹክታ።

ጎሚስታው ወደ መስኮቱ ገልመጥ አለ። እናቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ስኳሩን ያማስላሉ።

«ልጄ» አለ ወደ አፍንጫዋ ጎንበስ ብሎ። «መጀመሪያ የአያትሽን ስም ሰጥቼሽ ነበር። ከዚያ ሴት መሆንሽን ሰማሁና… ወሰድኩብሽ። ደግነት አስመስዬ ነው የወሰድኩብሽ።»

የማንኪያው ድምፅ ቆመ።

«ምን አልክ?» አሉ እናቱ።

ጎሚስታው ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። ዓይኑን ልጅቷ ላይ እንደተከለ፣ እሳቸውም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ ከመጀመሪያው ደገመው።