የጀልባዋ ቀለብ

የምላጭ አባት ጀልባ እንዳለው ያልነገረው ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ብቻ ነው። ባንክ ሰልፍ ላይ ይናገራል፤ ሐኪም ፊት ምላሱን አውጣ ተብሎም ይናገራል። «ስንት ጊዜ ሄድክባት?» ሲባል ግን ወሬ ይቀይራል። ምላጭ ቆጥራለች፤ በሰባት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ነው። ከአሥራ አንዱ አራቱን በሰው ጀልባ ተጎትተው ነው የተመለሱት። አባቷ ያኔም ቢሆን መሪውን ይዞ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ የሚጎትታቸውን ሰውዬ እሱ ቀጥሮ የሚያሠራው ይመስል ነበር።

ምላጭ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ጎረቤት ነው በምላሷ ምክንያት ያወጣላት። ጀልባዋ የተገዛች ሰሞን ሴቶቹ «ሰውየው ሁለተኛ ሚስት አገባ» እያሉ ሲስቁ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና «ሁለተኛ ሚስትማ ብትሆን ዕቃ ታጥብ ነበር» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ምላጭ ናት። ዛሬ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ስለቱም አልዶለዶመም።

አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ድርጅቱ ሲያሰናብተው በሰጠው ካሳ ጀልባዋን ገዛ፤ አሁን የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ይነዳል። ገዝቶ ቢያርፍ ደግ ነበር። ጀልባ ግን ገዝተው የሚገላገሏት ነገር አይደለችም። የማሰሪያ ቦታው በወር በወር ኪራይ አለው። ፈቃዱ በዓመት ይታደሳል። ብትሄድ ቤንዚን ትጠጣለች፣ ባትሄድ ባትሪዋ ይሞታል። ዝናብ ሲመጣ ከውሃ ማውጫ ይከፈላል፣ ዝናቡ ሲያባራ መመለሻ ይከፈላል። ሆዷ አረንጓዴ ያበቅላል፤ ይፋቃል፣ ይቀባል፣ ተመልሶ ያበቅላል። ሸራዋ ይቀደዳል፣ ገመዷ ይበሰብሳል። ሳትጋለብ ገብስ የምትበላ ፈረስ ማለት እሷ ናት። ምላጭ ሰባተኛ ክፍልን ያቋረጠችው ሞተሩ በተቀየረ ዓመት ነው። እንደገና ትጀምር በተባለበት ዓመት ደግሞ ቀለም ተራው ደረሰ።

ማክሰኞ ዕለት አባቷ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ «የኔ እመቤት» አለ።

እናቷን እመቤት የሚላት ገንዘብ ሲፈልግ ብቻ ነው። እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። የግራ እጇ አንጓ በጨርቅ ታስሯል፤ ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዛታል። ድሮ ከደረጃ ወድቃ ነው።

«የሞተሩ ካንዴላ ነው?» አለች።

«ካንዴላውማ ባለፈው ገባ። አሁን ባትሪው ነው።»

«ባትሪው ባለፈው ዓመት አይደል እንዴ የተገዛው?» ምላጭ ጣልቃ ገባች። «በዓመቱ የሞተ ሕፃን ነው በለኛ። ሬሳውን ለሻጩ ውሰድለት።»

«አንቺ ዝም በይ፣ ከትልቅ ሰው ጋር ነው የማወራው።»

«እኔም ዓርብ ትልቅ ሰው ልሆን ነው። ምዝገባው ያበቃል።»

ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የፀጉር ሥራ ማሠልጠኛው ዘጠኝ ወር ነው፤ ክፍያው በአንድ ጊዜ፣ መቀሱም ከራስ። ምዝገባው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ምላጭ የሰፈሩን ሴት ግማሽ በነፃ ሠርታ እጇን አፍታታለች። ማበጠሪያ እንኳ ገዝታ ትራሷ ሥር አስቀምጣለች።

«ከየት አምጥቼ ልጄ?» አለ አባቷ፤ እውነትም ያዘነ ይመስላል።

«ከጀልባዋ። ሽጣት!»

አባቷ ከት ብሎ ሳቀ። «ገዢ አምጪና እሸጣታለሁ! በይ እስቲ፣ አምጪ!»

ጨረቃን ይዘሽ ነይ እንደማለት ነው። የእናቷ እግር ግን ከፔዳሉ ላይ ተነሣ፤ መኪናዋ ዝም አለች። ምላጭ ያን ጊዜ ልብ አላለችውም። በኋላ ነው ትዝ ያላት።

በማግስቱ ጠዋት ለእናቷ አንጓ የሚቀባ መድኃኒት ልትገዛ ሄደች። መድኃኒት ሻጩ ሦስት ልጆች ያሉት፣ ከባንኮኒው ኋላ ሲውል ፀሐይ የናፈቀው ሰው ነው። ምላጭ ከአባቷ የወረሰችው አንድ ነገር ቢኖር ጀልባዋን ማሞገስ ነውና አፏን ከፈተች። ነፋሱን አወራችለት፣ የልጆቹን ሳቅ ገና ሳይስቁት አወራችለት። ሰውየው የሚመልሰውን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ።

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት መጥቼ ልያት?» አለ።

«ይምጡ ጋሼ። ቶሎ ነው ታዲያ፣ ሌላም ፈላጊ አለ» አለች። ሌላ ፈላጊ ያለችው አሣው ነው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ውሃው ወረደች፣ ጀልባዋን ልታጥብ። ውስጧ የተጠራቀመውን ውሃ በጣሳ ቀድታ ጨረሰች፣ ወንበሮቹን ፈተገች፣ ወለሉን ልትወለውል ተንበረከከች። ከኋላ ወንበር ሥር፣ የጀልባዋ ጎን ላይ፣ ጣቷ ጣውላው ውስጥ ገባ። ሻይ ውስጥ የቆየ ዳቦ ነው የሚመስለው። ጎትታ ስታወጣው ጥቁር ውሃ አብሮ ወጣ።

ምላጭ ተረከዟ ላይ ቁጭ ብላ አሰበች። ብትናገር ነገ የሚመጣው ገዢ አይመጣም፤ የዓርቡም ምዝገባ ያልፋል። ሱቅ ሄዳ የቤት ግድግዳ የሚደፈንበትን ስቱኮ በዱቤ አመጣች፣ ጉድጓዱን ጠቀጠቀችው፣ ሲጠነክር በአባቷ ቀለም ላዩን ቀባችው።

የጀልባ ማቆሚያው ዘበኛ ከሳንቃው መረማመጃ ላይ ቆሞ ያያታል።

«ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?»

«ኩል እየኳልኳት ነው አባባ። ነገ ትዳራለች።»

«ሙሽራዋ ጥርስ የላትም እኮ።»

«ሙሽራ አፏን አትከፍትም» አለች ምላጭ፤ እሱም ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ያን ዕለት አባቷ ገዢ መገኘቱን ሲሰማ መጀመሪያ አላመነም፣ ቀጥሎ ተቆጣ። «ቃል ቃል ነው» አለ በመጨረሻ። ምሳው ግማሽ ቀረ።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድኃኒት ሻጩ የመጨረሻ ልጁን፣ ስድስት ዓመት ይሆናታል፣ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። አባቷ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። ሞተሩ፣ ለክፋቱ፣ ገና ነካ ሲያደርገው ተነሣ። ሰባት ዓመት እንዲህ ተነሥቶ አያውቅም።

«ድምፁ ጥሩ ነው» አለ መድኃኒት ሻጩ። ልጅቷ ሮጣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እግሯን ስታወዛውዝ ተረከዟ ያን ቦታ፣ ትክክል ያን ቦታ፣ መታ መታ ያደርገዋል።  ምላጭ፣ ዘጠኝ ወር፣ ብላ ለራሷ ነገረች፤ ዘጠኝ ወር ብቻ።

ሰውየው እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ የምላጭ እናት መጣች።

እናቷ ውሃ ትፈራለች። በሰባት ዓመት አንድም ቀን መረማመጃው ላይ ወጥታ አታውቅም። አሁን ግን ሳንቃው ሥሯ እየተንቀጠቀጠ፣ የስፌት መቀሷን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ዓይኗን ከእግሯ ሳትነቅል መጣች። ዘበኛው ጠዋት ሱሪውን ሊያስጠብብ ቤት መጥቶ ነበር፤ ወሬውንም አብሮ አምጥቷል።

«እንደምን ዋሉ ጌታዬ» አለች። «ልጅዎን ያውርዷት።»

«ለምን እትዬ?»

እናቷ መረማመጃው ላይ ተንበረከከች። ጎንበስ ብላ በመቀሷ ጫፍ አዲሱን ቀለም ወጋችው። ስቱኮው እንደ ብስኩት ተፈረካከሰ፤ ውሃው ገባ።

መድኃኒት ሻጩ ልጁን አቀፈና ወረደ። «እናቴ፣ ውለታዎን ከፋይ ያድርገኝ» አላት። ወደ ምላጭ አባት ዞሮ፣ «አንተ ግን፣ ሰው አይደለህም» አለው።

አባቷ ጉድጓዱን አየ፣ ቀጥሎ ምላጭን አየ፤ እጇ ላይ የደረቀውን ስቱኮ። ገባው። «የኔ ጥፋት ነው» አለ ለሰውየው።  ምላጭ ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

አባቷ ከጀልባዋ ውሃ ሊቀዳ ቀረ፤ እናትና ልጅ ወደ ቤት ሄዱ። ምላጭ እስከ መንገዱ እጥፋት ድረስ ቻለችው።

«ለልጅቷ ብለሽ ነው ወይስ ለጀልባዋ?»

«ለሁለቱም። እውነት አልፎ አልፎ ይጠቅማል።»

«ጀልባ ትጠያለሽ እኮ! ረግጠሻት አታውቂም! ግማሹን ኪራይ እንኳ አንቺ ነሽ የምትከፍዪው!»

«ሙሉውን ነው» አለች እናቷ። «ሙሉውን እኔ ነኝ የምከፍለው።»

ምላጭ ቆመች። እናቷም ቆመችና የታሰረውን አንጓዋን ይዛ ጠየቀቻት፦ «ጀልባዋ ሳትገዛ የት ነበር የምንኖረው?»

«ከወፍጮ ቤቱ ኋላ። አንዷ ክፍል።»

«ደረጃ ነበራት?»

ምላጭ ያቺን ክፍል አስታወሰች። በሩ ከመንገዱ እኩል ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ዘው ብሎ ይገባ ነበር። ደረጃ አልነበራትም። በዚያ መንደር ሁሉ ደረጃ ያለው ቤት አልነበረም።

የታሰረውን አንጓ አየችው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የሚጠጣው» አለች እናቷ እየተራመደች፤ የጨርቅ ዋጋ የምትናገር ነው የሚመስለው። «አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይፍቃል፣ ይቀባል፣ ጠጋግኖ ይፈርስበታል። ለመጠጥ ጊዜም ሳንቲምም አይተርፈውም። ለሐኪም ቤት ከምከፍል ለጀልባ ልክፈል ብዬ ነው። ትረክሳለች።»

«ታዲያ የኔስ?» አለች ምላጭ፤ ድምፁ የሷ አይመስልም። «እኔም አብሬ እየከፈልኩ አይደለም እንዴ?»

«እየከፈልሽ ነው» አለች እናቷ። ውሸት ብታክልበት ይቀል ነበር።

ማታ ላይ አባቷ እስከ ጉልበቱ ረጥቦ ቤት ገባ። «ጣውላው ካልተቀየረ ቅዳሜን አታልፍም፤ ትሰጥማለች» አለ ለግድግዳው። እናቷን እመቤትም አላላትም።

እናቷ ተነሥታ የልብስ ቁልፎቿን ቆርቆሮ አወረደች። ቁልፉን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች፤ ከሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ገንዘብ ወጣ። ምላጭ አየችው። ብዛቱን ከሩቅ ገመተችው፤ ለሦስት ወር ስትመኘው የነበረውን ገንዘብ ሰው አይስተውም።

«የምን ነው?» አለች።

«ነገ ጠዋት ልሰጥሽ ነበር» አለች እናቷ። ገንዘቡን አባቷ እጅ ላይ አኖረችና ቁልፎቹን አንድ በአንድ መልሳ መልቀም ጀመረች።

አባቷ ገንዘቡን አየ። መልሶ ሊሰጣት እጁ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ምላጭ ይህን ምላ ትናገራለች፣ ተንቀሳቅሷል። ቀጥሎ ኪሱ ገባ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አናጢው መጣ። ይህ ሰው ዛሬ ካለ በሳምንቱ፣ በሳምንቱ ካለ በወሩ ነው የሚመጣው። የዚያን ቀን ግን በደቂቃው መጣ፤ መጋዙን እንኳ ሞርዶ። የበሰበሰውን ጎትቶ አወጣ፣ አዲሱን ለካ፣ ቆረጠ። አባቷ በአንድ ወገን ያዘ፣ ምላጭ በሌላው። ጣውላው ወፍራም፣ ጥሩ ሽታ ያለው ነው። ዘጠኝ ወር ነው የያዘችው።

ከከተማው በኩል የፋብሪካው ፉጨት ተሰማ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ሦስቱም ቀና አላሉም።

«ምላጭዬ» አለ አባቷ ጉሮሮውን ጠርጎ። «አስቤ ነበር። ቀለሟ ሲደርቅ ስምሽን ልጽፍባት። እውነተኛውን ስምሽን። ከፊት ለፊት፣ በትልቁ፣ በቀይ።»

«ስሜን ተወው አባዬ» አለች። «ያልበላችው እሱን ብቻ ነው።»

አናጢው ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። አባቷ አልሳቀም፤ ዓይኑን ወደ ውሃው አዞረ። የምላጭ ክንድ ዝሏል፣ ስንጥር መዳፏ ውስጥ ገብቷል። ጣውላውን ግን አልለቀቀችም። ብትለቀውና ቢሰበር፣ በሚቀጥለውም ገንዘብ የሚገዛው ሌላ ጣውላ ነው።