የተዋስኩት አሻራ

አሥራ አንድ ዓመት በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል እጄን በረኪና ውስጥ ስዘፈዝፍ ኖሬ፣ የጣቶቼ ጫፍ ተልጦ ማለቁን ያወቅሁት ፖሊስ ጣቢያ ነው። ባለቤቴና ልጄ ውጭ አገር ከሄዱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እነሱ ጋ ለመሄድ የጎደለኝ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ከወንጀል ነፃ መሆኔን የሚመሰክር። ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

አሻራ አንሺው ጣቶቼን ቀለም እየቀባ አንድ በአንድ ካርዱ ላይ አንከባለላቸው። «እጅሽን ልቀቂው፣ አታግዢኝ» አለኝ። ከዚያ አጉሊ መነጽሩን አስጠግቶ ካርዱን መረመረ። በአሥሩም ሳጥን ውስጥ ያለው ጥቁር እድፍ ብቻ ነው፤ አንዲት መስመር የለችም።

«ጣት አለሽ፣ አሻራ ግን የለሽም» አለኝ፣ ደብቄው የመጣሁ ይመስል።

በረኪና ሳልነካ ወር ቆይቼ እንድመለስ ነገረኝ። ወር ከየት አባቴ ላምጣ? ደሜ ፈላ፤ ግን ከፖሊስ ጋር ተጣልቶ የንጽሕና ወረቀት የለምና ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ።

ታናሽ እህቴ ነገሩን እንደ ቀልድ ጀመረችው። ድሮም መልካችን ስለሚመሳሰል ሰው እያምታታ ነው የሚጠራን። «የኔን ውሰጃ» አለችኝ ጣቶቿን ዘርግታ። በማግስቱ ሌላ ተረኛ እስኪገባ ጠብቃ፣ መታወቂያዬን ይዛ ሄደች። በአራተኛው ቀን ወረቀቱ ወጣ፤ በስሜ፣ ምንም ወንጀል እንዳልተገኘብኝ። ተቃቅፈን ሳቅን። የመጀመሪያ ወንጀላችንን የሠራነው ንጹህ ነሽ ለመባል ነው። የኤምባሲው ቪዛ ክፍል አሻራውን ከፖሊሱ ጋር ስለሚያመሳክር እዚያም እሷው ገባችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ አላማረኝም። ቀለሙ ከእህቴ ጣቶች አልለቅ አለ፤ በሎሚ ፈተገችው፣ በጋዝ ፈተገችው፣ እዚያው ነው። አንድ ጠዋት ስልኬን ከጠረጴዛ አንስታ በአውራ ጣቷ ነካ ስታደርገው ተከፈተላት። ለኔ ጣት አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም፤ የእሷንም አስመዝግቤለት አላውቅም። ፊርማዬን ከኔ አሳምራ ትፈርም ጀመር። ልጄ ስትደውል ቀድማ አንስታ «ወዬ የኔ ልጅ» ስትል ሰማኋት። ተቆጣኋት። ገረማት፤ የምሯን ነው የገረማት፣ ያስፈራኝም ይኸው ነው።

ቪዛው ሲመታ፣ ድንበሩ ላይ ጣት መስታወት ላይ አስቀምጪ እንደሚባል ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

«እኔ ልለፍና እዚያ ስደርስ እናስተካክለዋለን» አለችኝ፣ ሻንጣዬን እየዘጋች።

መስታወቱ የሚያውቀው እሷን ነው። እኔን ቢመረምረኝ ማንም አይደለሁም። በር ድረስ ሸኝቼ በሰላም ግቢ አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ልጄ ደወለች።

«አክስቴ፣ እማዬ ደህና ገባች።»

እናትሽ እኔ ነኝ አልኳት። ደግሜ፣ ደጋግሜ ነገርኳት፤ የተወለደችበትን ቀን፣ ጉልበቷ ላይ ያለውን ጠባሳ ሳይቀር እየጠራሁ። እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ ስልኩን ከአፏ አራቀችው።

«እማዬ» አለች፣ «ነይ አናግሪያት፣ አክስቴ እያለቀሰች ነው።»