ጥርስ ያለው ማሰሪያ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ከቀበረች ሰባት ወሯ ነው። ሰውየው ትቶላት የሄደው አዛዥ የሚባል ውሻ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? አዛዥ በገመድ ታስሮ ከበር ከወጣ መሪው እሱ ነው፤ እሷ ከኋላው እንደ ጋሪ ትጎተታለች። ድሮ ጠዋት ማታ ይዞት የሚወጣው ባሏ ስለነበር እንዲህ ያለ ጉልበተኛ መሆኑን አታውቅም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ወደ ቤቷ የሚያወጣው ዳገት ላይ ጎትቶ ጣላትና የእጇ አንጓ ተሰነጠቀ። ያውም መቀስ የምትይዝበት እጇ! ልጇ መጥቶ ፋሻውን ሲያይ ደሙ ፈላ። ውሻው እስከ ቅዳሜ አደብ ካልገዛ ለአንድ መጋዘን ጥበቃ እንደሚሰጠው ቁርጡን ነገራት። መጋዘን ማለት ደግሞ ዕድሜ ልክ በሰንሰለት መታሰር ነው፤ ሁለቱም ያውቁታል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አባቱን በድንገት ያጣ ሰው እናቱንም በውሻ ሰበብ ማጣት አይፈልግም። እሷ ግን አዛዥ ሄዶ ባዶ ቤት ስትገባ ይታያታል።

ማክሰኞ ጠዋት የእንስሳት ዕቃ መደብር ሄደች። ሻጩ ምላሱ ቅቤ ነው። በደረት የሚታሰረውን ማሰሪያ፣ ሲጎትት የሚያንቀውን ሰንሰለት፣ በባትሪ የሚነዝረውን፣ በመጨረሻም ወደ ውስጥ የዞሩ የብረት ጥርሶች ያሉትን ባንኮኒው ላይ ደረደረላት። የደረቱን ወዳው ነበር፤ ነገር ግን እሱን ለማስለመድ ወራት ይፈጃል ሲላት ቅዳሜ ትዝ አላት። የሚነዝረውንማ መንካትም ዘገነናት። ጥርሳሙን አንስታ በደህናው እጇ ላይ ሞከረችው፤ ቆንጠጥ አደረጋት።

ሻጩ ካልጎተተ እንደማይነካው፣ ውሻው ራሱን በራሱ እንደሚቀጣ አስረዳት። ነገሩ ፍትሐዊ መሰላትና ገዛችው።

በዚያው ቀን አሰረችለትና ወጡ። ሜዳው ላይ ደህና ሄደ። ወደ ቤት ሲመለሱ ዳገቱ ሥር ግን ወደፊት ሲል የማሰሪያው ጥርስ ያዘውና ጮኸ።

«አይዞህ» አለችው።

ይባስ ብሎ ጎተተ። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አይዞህ» እያለች ስታባብለው እያቃሰተ፣ ማሰሪያው እያነቀው፣ መሬቱን እየቧጠጠ ወደ ላይ ይስባታል። ምን ዓይነት ደንቆሮ ፍጡር ነው፣ ሕመም አይገባውም እንዴ? ንዴቷና እንባዋ አንድ ላይ መጣ።

ከዳገቱ አጋማሽ የባሏ ወዳጅ የነበረው ጸጉር ቆራጭ ይሠራል። ጩኸቱን ሰምቶ ደንበኛውን እንደ ጀመረው ትቶ ወጣና ገመዱን ተቀበላት። የውሻው አንገት ደምቷል።

«እትዬ፣ ያችን ቃል ይተዉለት» አላት።

የትኛዋን ቃል እንደሆነ አልገባትም።

«አይዞህ የሚሉትን። ጋሼ እሷን ሲሉት እንዲጎትታቸው አስተምረውት ነው።»

ባሏ ለምን ብሎ እንዲጎትተው ያስተምረዋል ስትል ጠየቀችው። ጸጉር ቆራጩ ከንፈሩን ነከሰ። ካፈተለከ ወዲያ ግን መደበቅ የለምና አወጣው፦ ሰውየው ዳገቱን መውጣት አቅቶት ነበር፤ ደረቱን ይይዘዋል፤ እዚህ ወንበር ላይ አረፍ ይልና፣ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ አይዞህ ሲለው ውሻው እየሳበ ቤቱ ያደርሰዋል። በር ላይ ሲደርስ ላቡን ጠርጎ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ይገባል።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች።

«ሁለት ዓመት ይሆናል። እንዳልነግርዎ አስምለውኛል። ከሰማች ሥራዋን ትታ እኔን ስትጠብቅ ትውላለች አሉኝ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ! ሰባት ወር ለመጣ ለሄደው ሁሉ «በድንገት ነው የተለየኝ» ስትል ከርማለች። ሲገባ እራቱን ታቀርብለት፣ ዛሬ ቆየህ ብላ ትነጫነጭበትም ነበር።

መሬት ላይ ተቀምጣ ማሰሪያውን ልትፈታ ታገለች። በአንድ እጅ አልሆን ሲላት ጸጉር ቆራጩ አገዛት። ልጇ ቅዳሜ ሲመጣ እንዲነግርላት ለመነችው፤ እሷ እንደሆነ አፏ እንደማይፈታላት ታውቀዋለች። ውሻው በጥርስ የተበሳ አንገቱን ጭኗ ላይ ጣለ። ልታጽናናው አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው፤ ከ«አይዞህ» ሌላ የማጽናኛ ቃል አጣች።

ዳገቱን ቀና ብላ አየችና «ብትነግረኝ እኔም እኮ እጎትትህ ነበር» አለች። ለውሻው አልነበረም።