የመንገደኛ ቤት

ልጄ ፈሀድ ነጌሌ ያለው ቤታችን በር ላይ ሴንሰር ገጠመ። አሮጌውን የበር ቁልፍ አልነቀለውም፤ አጠገቡ የክብሪት ቀፎ የምታክል ነጭ ነገር ለጠፈና «እማዬ፣ በሩ ሲከፈትም ሲቆለፍም ስልክሽ ይነግርሻል» አለኝ። አላመንኩትም። እኔ «ቆልፌ ይሆን?» እያልኩ ከመንገድ የምመለስ ሴት ነኝ።

በማግስቱ እሱ ወደሚሠራበት ከተማ ተመለሰ፤ እኔም ቤቱን ቆልፌ ለሱቄ ዕቃ ላመጣ ወደ ክብረ መንግሥት ተነሳሁ፤ እዚያው ማደሬ ነው። መሀል መንገድ ላይ ያለችው ወደራ ከተማ ስንደርስ ስልኬን አየሁ። «በሩ ተቆልፏል» ይላል። ያን ሁሉ ጫካና ዳገት ተሻግሮ የኔን በር ያያል። ሱብሃነላህ አልኩ፤ እስክንገባ ድረስ ዓይኔን ከስልኩ አልነቀልኩም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልኩ ጮኸ። «በሩ ተከፍቷል።» ፈጥኜ ለጎረቤቴ ለዘርፌ ደወልኩ።

«ዘርፌ፣ ቤቴ ሌባ ገብቷል።»

«አካም ዱንያ፣ ናጋ?» አለች እንደ ወትሮዋ ረጋ ብላ፣ ስሜን ጠርታ ደህንነቴን በኦሮምኛ እየጠየቀች። «እኔ ነኝ። መብራት ላበራ ገብቼ ነው።»

«በምን ቁልፍ?»

«ፈሀድን የወለድሽ ጊዜ በሰጠሽኝ ነዋ።»

ጭራሽ ረስቼው ኖሯል። «ታዲያ ዛሬ ምን ትዝ አለሽ?»

«ዛሬ ብቻ መሰለሽ? መንገድ በሄድሽ ቁጥር አበራለሁ፤ ጠዋት አጠፋለሁ። የመንገደኛ ቤት ጨልሞ ያድራል እንዴ?»

ዓመቱን በልቤ ቆጠርኩ። ያ ፈሀድ ዛሬ ጺም አብቅሏል።

ስልኩ እጄ ላይ ነዘረ። «በሩ ተቆልፏል» ይላል፤ ማን እንደቆለፈው ግን አያውቅም።