የሁለት አገሮች ጣውላ

«አይነቃነቁ እማማ፣ ቢጎዲኑ ይፈታብኛል!»

«እሺ፣ አንቺ ብቻ ቀጥይ። ሰማያዊዋስ ምን ሆነች?»

ጸጉር ሠሪዋ የአማቷን ጸጉር እየጠቀለለች፣ መስታወቱ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት ቀና ብላ አየች። ወረቀቱ ላይ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ መስመር ተሰምሯል፤ ሁለት አገሮች በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከውጭ ያስገቡትን የጥድ ጣውላ መጠን ያሳያሉ። እሷ ደግሞ ለፈተና መለማመጃ ይህን፣ ምክንያት ሳትጨምር፣ በእንግሊዝኛ አነጻጽራ መጻፍ አለባት። ትልቁ ሆቴል ለውበት ሳሎኑ ኃላፊ ይፈልጋል፤ የቋንቋ ፈተና ያላለፈ ሰው ግን አይቀጥርም።

ሁለት ጊዜ ወድቃለች። የጣላት ሰዋስው አይደለም፣ ወሬ ነው። ቀኑን ሙሉ የደንበኞቿን የጓዳ ወሬ ስትሰማና ስትተነትን የምትውል ሴት፣ አንድ ነገር «ቀነሰ» ብላ ዝም ማለት አይሆንላትም። ባለፈው ፈተና ስለ ስኳር ፍጆታ ተጠይቃ፣ የአንዱን አገር ሕዝብ ጠቅላላ የስኳር በሽተኛ አድርጋው ነበር የወጣችው።

«ሰማያዊዋ በጥቂቱ ጀምራ እየጨመረች ሄደች» አለች። «ቀይዋ ግን መጀመሪያ ብዙ ታስገባ ነበር፤ በኋላ ቀነሰች።»

«ምን ነክቷት?»

«አልተጻፈም።»

«እንዴት አይጻፍም! ያን ያህል ጣውላ የለመደ ቤት በባዶ ሜዳ ይተወዋል? እጅ አጥሯት ይሆናል።»

«እማማ፣ አገር እኮ ናት።»

«አገርስ ብትሆን!»

ጸጉር ሠሪዋ ከንፈሯን ነከሰች። አልሆነላትም። «እውነቱን ልንገርዎት? እኔ የምጠረጥረው ሰማያዊዋን ነው። መስመሮቹ የተገናኙበትን ዓመት ይዩልኝ። ከዚያ ወዲህ አንዷ ሽቅብ፣ አንዷ ቁልቁል። ጣውላ የሚያቀርብላትን ነጋዴ አስኮብልላባት ነው!»

«እኔም እኮ እሱን ልል ነበር!» አሉ አማቷ፣ በደስታ እየተነቃነቁ። ሁለት ቢጎዲን ወለሉ ላይ ዱብ ዱብ አለ።

አማቷን የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገብታ ወደ እንግሊዝኛ መምህሯ ቤት በረረች። የፈተናው ምዝገባ የሚዘጋው ዛሬ ነው። ተማሪዎቻቸውን ደውለው የሚያስመዘግቡት እሳቸው ናቸው፤ «አንዲት ምክንያት ከጨመርሽ አልደውልልሽም፤ ባየሽው ብቻ ተወሰኚ» ብለዋታል።

ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጣ እያላባት ጻፈች። ብዕሯ ወደ «ምክንያቱም» ባዘመመ ቁጥር ጉንጯን ከውስጥ ትነክሳለች። የቀይዋ ቀንሷል። የሰማያዊዋ ጨምሯል። በመጨረሻ ሰማያዊዋ በልጣለች። አራት ነጥብ።

መምህሩ አንዴ አነበቡ፤ አላመኑም መሰል ደገሙት።

«ሐሜት የሚባል የለበትም! አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ፣ ጉንጬ አለቀ እንጂ።»

ስልካቸውን አነሱ። ቁጥሩን ሊመቱ ሲሉ ግን ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። በሩን ገልመጥ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ እንኳ… በዚህ ወረቀት ስንቱን አስተማርኩበት። ግን ቀይዋ ለምን ቀነሰች ትያለሽ?»

ነገሩ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ፤ ነጋዴው፣ ማስኮብለሉ፣ እጅ ማጠሩ። ሊፈትኗት ይሆን? ወይስ እሳቸውም እንደ ሰው ቆርቁሯቸው? ፊታቸውን አየችው፤ አልለይ አላት። ስልኩ እንደሆነ ገና አልተደወለም።

ወንበሯን ስባ ተጠጋቻቸው።

«መጀመሪያ ያስመዝግቡኝ፣ መምህር» አለች። «ከዚያ እነግርዎታለሁ።»