የአራት ብሎን ብረት

ሰፈሩ ሴትዮዋን «ምላጭ» ይላታል፤ በፊቷ ደፍሮ ያለ ግን የለም። ታናሽ ወንድሟን ደግሞ «ጆሮ» ይሉታል። ጊታር ጠጋኝ ነው፤ ክር ነክቶ ብቻ የጊታሩን በሽታ ይናገራል። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ቢሆንም በወንድሟ ሱቅ ሃያ ዓመት ቁጭ ብላ ዝገት ስትፍቅ ኖራ፣ ጃፓን ሠራሹን ጊታር ከሌላው በክብደቱ ትለየዋለች። ሰው ጊታሩ ራስ ላይ የተለጠፈውን ስም አይቶ ሲንጠራራ አትታገሥም። «ስምማ ማንም ይለጥፋል፤ እኔስ ንግሥት ብዬ ግንባሬ ላይ ብለጥፍ ማን ከለከለኝ?» ትላለች።

አንድ ረፋድ ላይ የባንዱ አለቃ ልጅ መጣች። አባቷ ከሞተ ሁለት ወሩ ነው። በጥቁር ሳጥን ያመጣችውን ቀይ ጊታር ጠረጴዛው ላይ አውጥታ፣ ገዢ እንደተገኘ፣ ነገር ግን ጠጋኙ ጋሼ ዕድሜውንና ዋጋውን ሳይነግሯት እንደማትሸጠው ተናገረች። ምላጭ ጊታሩን ስታይ ፊቷን አዞረች። እንዴት አታውቀው! ልጇን ያስበላት ጊታር ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት የባንዱ አለቃ ጊታር ከአዳራሽ ተሰረቀ። አራት ወር ቆይቶ ቁርጥ እሱን የመሰለ ቀይ ጊታር በምላጭ ልጅ እጅ ተገኘ። ልጁ፣ ከተማውን ለቆ ከሄደው ፀጉር አስተካካይ ነው የገዛሁት ብሎ ማለ። ደረሰኝ የለው፣ ምስክር የለው። ፀጉር አስተካካዩ ጊታሩን ይዞ ነው የሄደው የሚሉም ነበሩ። የጃፓን ጊታር አዋቂ ተብሎ ጆሮ ፖሊስ ጣቢያ ተጠራ። አንገቱን ከገላው ጋር የሚያያይዘውን፣ በአራት ብሎን የታሰረውን የጀርባ ብረት አየና የተቀረጸበትን ቁጥር አነበበ። የባንዱ አለቃ ደብተሩ ላይ ከጻፈው ጋር አንድ በአንድ ገጠመ።

ያኔ ልጁ፣ አጎቴ ፍታው፣ ውስጡን እየው እያለ ለመነ። ጆሮም ካቻቢቴ ለማምጣት ወደ ሱቁ ሊመለስ ተነሥቶ ነበር። ያስቀረችው እናትየው ናት። ቁጥሩ ተነበበ፣ ምኑ ነው የሚፈታው፣ እዚህ ቆሜ እስክደርቅ ነው ወይ የምትጠብቁት ብላ ጮኸችበት። ጆሮም ተቀመጠ። ታላቁ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት።

ልጁ ሁለት ዓመት ተፈረደበት፤ ጊታሩም ለባንዱ አለቃ ተሰጠ። በገባ በሳምንቱ ምላጭ፣ ሰው ከሚያማኝ እኔው ላውራው ብላ፣ የሰፈሩን በር አንድ በአንድ እያንኳኳች ልጇ ሌባ መሆኑንና ልጄ እንደማትለው ተናገረች። አንድ ቀን እንኳ ስንቅ አላደረሰችለትም። እያሳለ ወጥቶ በሯ ላይ ሲቆም ከውስጥ ሆና፣ የሌባ እናት እዚህ ቤት የለችም አለችው። መናኸሪያው አጠገብ በተከራያት ክፍል ስምንት ወር ሰንብቶ ሞተ። ቀብሩ ላይ ዓይኗ ደረቅ ነበር። ሰውም አይቷታል።

እንግዲህ ያ ጊታር ነው አሁን ጠረጴዛው ላይ በሆዱ የተኛው።

ጆሮ መነጽሩን አጥብቆ የጀርባውን ቁጥር አነበበና ዓመቱን ለልጅቷ ነገራት። ከዚያ ካቻቢቴውን አነሣ። «ዋጋ በልብስ ላይ ሆኖ አይነገርም፤ ማውለቅ ነው» አለ። ይህ ብረት አራት ብሎን ነው፣ ከዚህ ተነቅሎ እዚያ ሊታሰር ይችላል፤ ፋብሪካው እውነቱን የሚያትመው አንገቱ ከገላው በሚገባበት፣ ሰው በማያየው እንጨት ላይ ነው ብሎ አስረዳት። ደግሞም የአባትሽን ጊታር በፊት ፈትቼው አውቃለሁ፤ አንገቱ ስለተንጋደደ ከክብሪት ቀፎ የቆረጥኩት ሽብልቅ ሥሩ አለ፣ አጠገቡም ምልክቴን በእርሳስ አድርጌያለሁ አላት። ሊያሳያት ቸኩሎ ነበር፤ በሥራው የሚኮራ ሰው ነው።

ክሩን አላላ። አራቱን ብሎኖች አወጣ። አንገቱን ነቀለ።

ሽብልቅ የለም። የእርሳስ ምልክት የለም። እንጨቱ ንጹሕ ነው። አንገቱ ሥር ላይ በቀለም የታተመው ቀን ደግሞ ከጀርባው ቁጥር በሁለት ዓመት ያንሳል።

ጆሮ ወደ መስኮቱ ወስዶ ገለበጠው። በጣቱ ዳሰሰው፣ አሸተተው። ልጅቷ ረክሶ እንደሆነ በቀስታ ጠየቀችው። እሱም ጀርባውን እንደሰጣት፣ አልረከሰም፣ ቀለሙም ድምፅ መሳቢያ ማግኔቱም የራሱ ነው፣ ውድ ጊታር ነው አለ። ቀጥሎ የተናገረውን ግን ለመናገር መቀመጥ ነበረበት።

«የአባትሽ አይደለም። ይሄ የፀጉር አስተካካዩ ነው። የኛ ልጅ አልዋሸም።»

ምላጭ ጥግ ላይ፣ ጨርቅ ጭኗ ላይ እንደዘረጋች ናት። ወንድሟ ብረቱ እንዴት ከዚያ ወደዚህ እንደመጣ ግራ ገብቶት ራሱን ይዟል። እሷ ግን አልገባትም ማለት አትችልም። ከስርቆቱ በፊት፣ ዝናቡ የበዛበት ጊዜ ነው፤ አዳራሹ አፍስሶባቸው የባንዱ አለቃ ጊታርና የፀጉር አስተካካዩ ጊታር በአንድ ቀን ዝገታቸው ሊፋቅ መጡ። ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ። የሱቁ ሕግ የታወቀ ነው፦ የያንዳንዱ ጊታር ብረት በየራሱ ጣሳ ይዘፈዘፋል። ጆሮ ይህን ሲነግራት ሁልጊዜ እንደ ሕፃን የሚመክራት ይመስላትና ይቆጫታል። ያን ቀን እሱ ምሳ ወጥቶ ሳለ፣ ለአራት ብሎን ስንት ጣሳ ልጠብ ብላ ሁሉንም አንድ ሳህን ላምባ ውስጥ ገለበጠችው። ስታደርቅ ሁለቱ ብረቶች መንታ ሆኑባት። ቁጥር አታነብ፤ አላውቅም ብላ መጠየቅ ደግሞ ሞቷ ነው። ብረት ብረት ነው ብላ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ አስቀመጠች። ወንድሟም እጇን አምኖ አሰራቸው።

ጆሮ ማልቀስ ጀምሯል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የዚያን ዕለት መፍታት ነበረብኝ፣ ሳላስተውል አቀያይሬው ይሆናል ይላል። ለሷ ጥሩ መሸሸጊያ ነበር። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃት። ወንድሟ ተሸክሞት ይሞታል፤ እሷም ልጇን በሰው ስህተት የተነጠቀች ምስኪን እናት ተብላ ትኖራለች። ይህን ሁሉ አሰበችው፤ አላሰበችውም አይባልም። ጨርቁን አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች።

«አንተ አይደለህም» አለች። «በአንድ ሳህን ያጠብኳቸው እኔ ነኝ።»

ጆሮ ቀና አለ። 

«እትዬ፣ ምን ነካሽ? ድንጋጤ ነው።»

«ድንጋጤ አይደለም። ያጠብኩት እኔ፣ ያቀያየርኩት እኔ፣ አትፍታ ያልኩህም እኔ። ልጄን እናቱ ናት የበላችው። እንግዲህ አልቅስ፤ ለኔ ግን አታልቅስልኝ።»

ልጅቷ ቆማ ነበር። አባቷ ከአምስት ዓመት በላይ የሰው ጊታር ሲጫወት እንደኖረ ገና እየገባት ነው። ባዶ ሳጥኑን ዘጋችና፣ ጊታሩ የናንተ ነው፣ እኔ አልወስደውም አለች።  እማማ ብላ ወደ ምላጭ ጎንበስ ስትል አሮጊቷ በእጇ ወዲያ አለቻት፤ አዘኔታ አልፈልግም ማለቷ ነው።

ምላጭ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እንደማይታሽ ታውቃለች። ቢሆንም ልጇን ሌባ ነው ብላ በየበሩ ያወጀችው በዚህ አፏ ነው፤ በዚሁ አፍ ትመልሰዋለች። እንዲያ ሲሆን ሰዉ ይደነግጣል፣ ይረግማታል፣ ምናልባትም ይተፋባታል ብላ ተዘጋጅታለች። ቢተፉባት ደስ ይላታል።

የመጀመሪያው በር የሴት ልብስ ሰፊዋ ነው። ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ እየገፋች ነበር። ምላጭ ደፉ ላይ ቆማ ምንም ሳታስቀር ተናገረች፤ ስለ ሳህኑ፣ ስለ ብረቱ፣ ፖሊስ ጣቢያ ስለጮኸችው። በመጨረሻም ልጄ ሌባ አልነበረም አለች።

ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው አነሣች። አልደነገጠችም። ጨርቁን ደባበሰች።

«እሱንማ እናውቃለን፣ እትዬ» አለች። «ያን ልጅ ሌባ ነው ብሎ ያመነ በዚህ ሰፈር አልነበረም። እስር ቤት ስንቅ እየተራ የወሰድንለት እኛ ነን። አንቺን ፈርተን ነው ዝም ያልነው።»

ምላጭ የበሩን መቃን ያዘች።  ሰፊዋም ግቢ፣ ተቀመጪ አላለቻትም። ትንሽ ጠብቃ መኪናዋን መርገጥ ቀጠለች።

ቀጣዩ በር የጫማ ሰፊው ነው። እሱም እንደሚያውቅ አሁን ታውቃለች። ሄደችና አንኳኳች።