«ስጪኝ» ማለት ያቃተው ሰው

ወንድሟ የታመመ ሰሞን የሰው ልጅ ተፈጥሮ በአንድ ሳምንት ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ፣ እሱ እንደሚለው፣ ሰው ብቻውን የተፈጠረ፣ ለራሱ ብቻ መኖር ያለበት ፍጡር ነበር። ይህንንም ድምፅ ማጉያ ይዞ አዳራሽ ለሞላ ሕዝብ ሲያስተምር ዓመታት አልፈዋል። «‹አይሆንም› ማለትን ተማሩ! ለእናታችሁም ቢሆን! ማንም ከእናንተ ምንም እንዲጠብቅ አትፍቀዱ!» ሕዝቡ ያጨበጭባል። ስስቱን በትልልቅ ቃል ጠቅልሎ «ጥበብ ነው» የሚልለት ሰው ያገኘ ሕዝብ ምን ያድርግ፣ ያጨብጭብ እንጂ።

እህቱ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። ደንበኞቿ ጭንቅላታቸውን የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ከተው፣ ማሽኑ ስለሚጮኽ እነሱም እየጮኹ፣ የወንድሟን ትምህርት መልሰው ለእሷ ያስተምሯታል። አንዷ አማቷን ከቤት ያስወጣችው እሱን ሰምታ ነው። ሌላዋ የታመመች ጓደኛዋን መጠየቅ ያቆመችው «መንፈሴን ስለምታደክመው» ነው። «ታድለሽ፣ እንዲህ ያለ ወንድም!» ይሏታል። እሷ የፀጉር መጠቅለያውን ቢጎዲን ጠበቅ አድርጋ ትጠቀልላለች። ይህን ታላቅ አሳቢ ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን አቋርጣ፣ የሰው ፀጉር እያጠበች አስተማረችው። ያኔ ታዲያ አንድም ቀን «እትዬ፣ ‹አይሆንም› በዪኝ» ብሎ አልመከራትም።

ከዚያ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙ። ደሙን በማሽን ማሳጠብ ጀመረ፤ የሰው ኩላሊት ካላገኘ ብዙ እንደማይቆይም ሐኪሞቹ ነገሩት። በሳምንቱ መድረክ ላይ ወጥቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሰው ሙሉ የሚሆነው ሲሰጥ ነው!» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሕዝቡ አሁንም አጨበጨበ። አማቷን ያስወጣችው ሴት እንደውም አለቀሰች አሉ።

እህቱ ማንም ሳይለምናት ሄዳ ተመረመረች። ኩላሊቷ ለእሱ እንደሚስማማ ለሁለቱም ተነገራቸው። በልቧ ለመስጠት ቆርጣለች፤ የምትጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፉን ከፍቶ «ስጪኝ» እንዲላት።

ፀጉር ቤቱ ዝግ በሚሆንበት ቀን መጣ። ፊቱ አብጧል፣ ኮቱ ሰፍቶታል። ደንበኞች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠና እሷን በቀጥታ ሳይሆን በመስታወቱ ውስጥ እያያት ጀመረ።

«እትዬ፣ መስጠት እኮ የሚያሳድገው ተቀባዩን ሳይሆን ሰጪውን ነው።»

«እኔ አድጌ ጨርሻለሁ። አንተ ምን ፈልገህ ነው?»

«እኔማ ምንም አልፈልግም። ከውስጥሽ እንዲመጣ ነው የምመኘው።»

«ከውስጤ የሚወጣውማ ኩላሊቴ ነው! በል አታድክመኝ፣ ‹ስጪኝ› በለኝ። አንዲት ቃል ናት።»

«መጠየቅ ጫና ነው፣ እትዬ። ጫና ደግሞ የሰውን ነፃ ፈቃድ...»

«ተው እንጂ! ልጅ ሆነህ ዳቦ ሲያምርህ እንዲህ አትራቀቅም ነበር።»

መስታወቱ ውስጥ ኮቱን አስተካከለ። እሷን ግን ነገሩ ከንክኗታል። በሽታው ሰውነቱን እንዲህ ጨርሶት ኩራቱን ሳይነካው መቅረቱ አናደዳት።

«እሺ፣ ተወው» አለችው። «እኔ ብታመም ኖሮ ትሰጠኝ ነበር?»

«ጥያቄው በራሱ...»

ወንበሩን በእግሯ ገፍታ አዞረችውና ፊት ለፊቷ አመጣችው። «መስታወቱን ሳይሆን እኔን እያየህ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አያት።

«አልሰጥሽም ነበር» አላት። «እፈራለሁ፣ እትዬ። ምክንያት ፈልጌ እጠፋ ነበር።» ከዚያ ሆድ ባሰውና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ልቧ የሚሰበር መስሏት ነበር። አልተሰበረም። ደስ አላት። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቷት አያውቅም፤ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ሞቃት። ጀርባውን እያሻሸች «አይዞህ» አለችው፤ ፊቷን ግን እንዳያይባት ወደ መስታወቱ መለሰች። እዚያም ፈገግ ስትል ራሷን አየችና ደነገጠች።

ሆስፒታሉ ሰጪን ለብቻ የሚጠይቅበት ደንብ አለው። ሐኪሟ በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ካልፈለጉ ይንገሩኝ። ‹ለእህትዎ ጤና አደገኛ ሆኖ አገኘነው› እንለዋለን። እውነቱን እሱም ሆነ ሌላ ሰው አያውቅም።»

ይህ ነው እንግዲህ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ከፍሎ የሚማረው «አይሆንም» በነፃ፣ ያለ ሐሜት፣ ያለ ወቀሳ ፊቷ ቀረበላት። እንደውም ሕዝቡ ያዝንላታል፤ «መስጠት ፈልጋ ሳትችል ቀረች፣ ምስኪን» ይላታል። ደንበኞቿ ቢሆኑ ይህን በር እየተጋፉ ይወጡበት ነበር። የእሷ እግር ግን ወደዚያ አልተነሳም።

«እሰጣለሁ» አለች።

«ለምን እንደሚሰጡት ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

«ወንድሜ ስለሆነ» ልትል ነበር፤ ከቤቷ ስትወጣም አዘጋጅታው ነበር። አፏ ግን ሌላ ተናገረ።

«እንድበልጠው።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻት።

«አባታችን በሕይወት ሳለ እሱን አዋቂ፣ እኔን ጉልበታም ይለን ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሲራቀቅብኝ ኖሯል። ኩላሊቴን ሆዱ ውስጥ ይዞ እንዴት አድርጎ ይራቀቅብኛል?» ሳቀች፤ ሳቋ ራሷንም አስጠላት። «ሰዉ ‹መልአክ ናት› ሊለኝ ነው፣ ዶክተር። እንዳያምኑት።»

«ታዲያ ወንድምዎን አይወዱትም?»

«እወደዋለሁ እንጂ! ባልወደው መብለጡ ምን ይረባኛል?»

ሐኪሟ ወረቀቷን ወደ ፊቷ ሳበች። በመጨረሻ «የሚሰጡት በራስዎ ፈቃድ ነው?» ብላ ጠየቀች። እሱስ በራሷ ፈቃድ ነበር።

የበሩ መስኮት ወደ ኮሪደሩ ያሳያል። ወንድሟ አግዳሚው ላይ እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ በሩን ያያል። ያ ሁሉ ንግግሩ ጥሎት ሄዷል፤ የቀረው የሚፈራ ሰው ነው። እጀታውን ያዘች። ቶሎ ወጥታ «አይዞህ» ልትለው ትችል ነበር። እጀታውን ለቀቀችና ቦርሳዋን ከፍታ፣ ምንም ያልሆነ ፀጉሯን ማስተካከል ጀመረች። ደስ አላት፤ በደስታዋ አፈረች፤ ቢሆንም አልቸኮለችም።